ከባሕር ዳር ሆኖ በጽሑፍ መኖር ይቻላል? አንድ ዓመት ሞከርኩ፣ ደከመኝ

አባይ ማዶ

እንዴት ሰነበታችሁ። ምክር ፈልጌ ነው፣ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ባሕር ዳር ነው የምኖረው። ቀን አስተምራለሁ፣ ማታ እጽፋለሁ። ለሆቴል የፌስቡክ ጽሑፍ፣ ለሱቅ ማስታወቂያ፣ ለተማሪ ትርጉም፣ የመጣውን ሁሉ እሠራለሁ። ሥራ አጥቼ አላውቅም፣ ችግሩ ብሩ ነው። ዋጋ ስናገር «አንድ ገጽ እኮ ናት፣ ለአንተ ምን አላት» ይሉኛል። እኔም አፍሬ እቀንሳለሁ።

ይባስ ብሎ ለአንድ አስጎብኚ ድርጅት ስለ ጣና ገዳማት 12 ገጽ ጻፍኩ። ዘጌ ድረስ በጀልባ፣ በራሴ ወጪ ሄጄ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግማሽ ቀን ውዬ። ክፍያውን «ነገ» አሉኝ። ነገ ሦስት ወር ሆነው። ባለፈው ሳምንት ጽሑፌን ገጻቸው ላይ አየሁት። ስሜ የለም። አንድ ነጠላ ሰረዝ እንኳ አልነኩም።

አሁን ምን ላድርግ? አፕወርክ፣ በኢንተርኔት የውጭ ሥራ የሚገኝበት ገጽ ላይ ልግባ? ማስተማሩን ትቼ አዲስ አበባ ልሂድ? ወይስ ነገሩ ከመጀመሪያውም የትርፍ ሰዓት ጨዋታ ነው?

ሰባታሚት

ቀብድ ተቀብለህ ነበር? አልተቀበልክም። እንግዲህ ሌላውን ለጊዜው ተወው። ፋሲሎ አካባቢ ያለ ልብስ ሰፊ እንኳ ቀብድ ሳይዝ ጨርቅ አይቆርጥም፣ አንተ ግን 12 ገጽ ቆርጠህ፣ ሰፍተህ፣ ተኩሰህ አስረከብክ።

እኔ ስድስት ዓመት በትርጉምና በጽሑፍ ነው የምኖረው። ግማሹ ካልገባ ኮምፒውተሩን አልከፍትም። ውል ማለት ደግሞ የግድ ማኅተም ያለበት ወረቀት አይደለም። ስንት ቃል ነው፣ መቼ ይደርሳል፣ ስንት ጊዜ አርማለሁ፣ ዋጋው ስንት ነው፣ ይህንን በቴሌግራም እጽፍና «እስማማለሁ» እስኪሉኝ እጠብቃለሁ። በቃ። የስምህንም ጉዳይ እዚያው ላይ ጻፈው። በቅጂ መብት አዋጁ፣ 410/1996 ማለቴ ነው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ኢኮኖሚያዊ መብቱ የሚሄደው ላዘዘው ሰው ነው። ሳይከፍል ይውሰድ ማለት ግን አይደለም። «እኔ ነኝ የጻፍኩት» የማለት መብትህም አብሮ አይሄድም። ሳትጣላ ብሩን ጽፈህ፣ ቀን ቆርጠህ ላክላቸው።

ቲን፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ማለቴ ነው፣ ከሌለህም አውጣ። ድርጅት ሲከፍልህ ግብር ቀንሶ ነው፤ በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ቲን ለሌለው ሰው የሚቀነሰው 30 ከመቶ ነው። እኔ አንዴ ደርሶብኝ ሳምንቱን ሙሉ ሲያመኝ ሰነበተ።

የደንገል ልጅ

ቀብዱ ላይ ሰባታሚት ልክ ናት። ግን አትቀየመኝና ዋጋህ ከፍ የማይለው ማንም ሊጽፈው የሚችለውን ስለምትጽፍ ይመስለኛል። «ውብ የተፈጥሮ ገጸ በረከት» የምትለውን ሆቴሉ ከቻትጂፒቲ በነጻ ያገኛታል። ያንተ ብልጫ እዚህ መኖርህ ነው፣ እሱን ደግሞ እየሸጥከው አይደለም።

አንድ ብሮሹር አየሁ፣ «ከነቤተሰብዎ ክብራን ገብርኤልን ይጎብኙ» ይላል። ክብራን እኮ ደሴት ላይ ያለ የወንዶች ገዳም ነው፣ ሴት አይገባም! ሚስትየዋ ጀልባው ላይ ቁጭ ብላ ልትጠብቅ ነው? ሌላው ደግሞ ጢስ አባይን «ዓመቱን ሙሉ የሚያስገመግም» ይለዋል። ውሃው ለመብራት እንደሚጠለፍ የማያውቅ ሰው ነው የጻፈው። በተለይ በፈረንጆቹ 2001 ሁለተኛው ማመንጫ ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ የካቲት ላይ ብሮሹሩን አምኖ የሄደ እንግዳ ቋጥኝ አይቶ ይመለሳል፣ የሚሰድበውም ሆቴሉን ነው። እኔ ሆቴሎች ዘንድ ስሄድ «እጽፍላችኋለሁ» አልልም። የተጻፈባቸውን ስህተት አስምሬ ነው የምሄደው። ያኔ ስለ ገጽ ብዛት ማንም አያወራኝም።

እኔን ከገጽ ሂሳብ ያወጣኝ ደግሞ ዓሣ ነው። ጣና ሲባል ሁሉም ስለ እምቦጭ ይጽፋል። እኔም ጽፌአለሁ፣ የገዛኝ የለም። ከዚያ ጠዋት ጠዋት ዓሣ አስጋሪዎቹ ጋ መዋል ጀመርኩ። እኛ በደፈናው «ነጭ ዓሣ» የምንለው ለካ አንድ አይደለም፤ ተመራማሪዎች ወደ 15 ዓይነት ለይተዋል፣ አብዛኞቹ ከጣና ውጭ የትም የሉም። ክረምት ሲገባ አንዳንዶቹ ሊራቡ ወደ ርብና ጉማራ ወንዞች ይወጣሉ፣ መረቡም ወንዙ አፍ ላይ ይጠብቃቸዋል። ይህንኑ ጽፌ ለአንድ የውጭ መጽሔት ሸጥኩ። ከዚያ ያንኑ ማስታወሻ በአማርኛ ለሬዲዮ አዘጋጀሁት። ቀጥሎ አንድ ፕሮጀክት ሪፖርት እንድጽፍለት ጠራኝ። አንድ ደብተር ሦስት ጊዜ በላሁበት ማለት ነው።

አዲስ አበባ ምን ልትሠራ? ስለ አዲስ አበባ የሚጽፍ እዚያ ሞልቷል።

ቆሎ

ሁሉም ያምራል። በ2015 ነሐሴ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ከሦስቱ የውጭ ደንበኞቼ ሁለቱ እንደወጡ ቀሩ። ማስተማሩን እንዳትተው። ደመወዟ ትንሽ ብትሆንም ኔትወርክ አትፈልግም።

ዘጌ ቡና

አፕወርክን ጠይቀህ ማንም አልመለሰልህም። ግባ፣ ግን «ሁሉንም እጽፋለሁ» ብለህ አትግባ፣ እንደዚያ የሚል ሰው እዚያ እንደ አሸዋ ነው። የደንገል ልጅ እንዳለው አንድ ነገር ይዘህ ግባ።

ፔይፓል ላይ ጊዜህን አታጥፋ፣ እዚህ ሆኖ ገንዘብ መቀበያ አይሆንም። ፔዮኒር ይሠራል፣ ከሱ ወደ ባንክህ በብር ታወጣዋለህ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 አልፏል፣ ስለዚህ ትንሿ የውጭ ሥራም ዛሬ ትቆጠራለች። ስምህን ስትሞላ ከመታወቂያህና ከባንክ ደብተርህ ጋር ፊደል በፊደል አስተያየው። እኔ በችኮላ አንዲት ፊደል አሳስቼ ሁለት ወር ብሬን በዓይኔ ብቻ ሳየው ከረምኩ።

አባይ ማዶ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ቆሎ፣ አልተውም፣ አትስጋ። ለአስጎብኚዎቹ ሂሳቡን ከነቀኑ ላኩላቸው፣ አይተውታል፣ መልስ የለም። የክብራኗን ነገር ሳነብ ግን የራሴን 12 ገጽ ከፍቼ አየሁ። እኔም «ለመላው ቤተሰብ» ብያለሁ። ዘጌ ላይ ግማሽ ቀን ውዬ ክብራንን ከኢንተርኔት ቀድቼ!

ቅዳሜ ማለዳ ዓሣ አስጋሪዎቹ ጋ እወርዳለሁ። ሰኞ ደግሞ አንድ ሆቴል ጠርቶኛል፣ «ትንሽ ቀብድ» ለማለት መስታወት ፊት እየተለማመድኩ ነው።

ሰባታሚት

«ትንሽ» የምትለዋን አውጣት። ግማሽ በል።