ሰው ፊት መንቀሳቀስ አቃተኝ፤ የከበደኝ ኪሎው ነው እፍረቱ?

ማርዳቦ
ሰላም ቤተሰብ። ሴት ነኝ፣ 34 ዓመቴ ነው፣ አዲስ አበባ። ቁመቴ 1.62፣ ኪሎዬ 104። ስኳር የለብኝም፣ ግፊቴ ግን ትንሽ ከፍ ይላል፤ ሐኪሙም "እንቅስቃሴ አድርጊ" ብሎ ሸኘኝ። እሺ። ቤት ውስጥ በሬን ዘግቼ፣ ሙዚቃ ከፍቼ እስክስታ ስወርድ ግማሽ ሰዓት አይታወቀኝም። ደጅ ስወጣ ግን ሰውነቴ የሌላ ሰው ይሆንብኛል። እጄን የት እንደማደርገው ይጠፋኛል፣ እርምጃዬ ያጥራል፣ ሆዴን ወደ ውስጥ ስስብ ትንፋሽ ያጥረኛል። ባለፈው እሁድ ቱታዬን ለብሼ መስቀል አደባባይ ሄድኩ፤ ደረጃውን የሚሮጡትን ሳይ ዳር ቆሜ ቡና ጠጥቼ ተመለስኩ። ሠርግ ላይም ከወንበር መነሳት ትቻለሁ። ታክሲ ውስጥ ደግሞ ረዳቱ "እቺ የሁለት ሰው ትክፈል" ካለኝ ወዲህ አልገባም። ታዲያ በእግሯ ትሄዳለች እንዳትሉ፣ ራይድ ነው የምጠራው 😅 እናንተ ጋር እንዴት ነው?

ቀላል_ነው
እህቴ አታካብጂ። ሰው አንቺን አያይም፣ ሁሉም የራሱ ጭንቀት አለው። ምግብ ቀንሺ፣ ስኳር ተዪ፣ በቃ።

የድሮው_ወፍራም
"ሰው አያይም" የሚለው ወፍሮ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ያያል። እኛ አገር ደግሞ አይቶ ዝም አይልም። አክስቴ "ወፈርክልኝ፣ ተመችቶሃል" ስትል እየመረቀችኝ ነው፤ ለኔ ጥፊ ነበር።

128 ነበርኩ፣ አሁን 93 ነኝ። የሚገርምሽ፣ ኪሎው ሲሄድ ጭንቅላቴ አልሰማም። ዛሬም ሚኒባስ ውስጥ የምገባው በጎኔ ነው። ወንበር ላይ ከመቀመጤ በፊት በእጄ ገፋ አድርጌ እፈትሸዋለሁ፤ አንዴ ለቅሶ ቤት ፕላስቲክ ወንበር ተሰብሮብኝ ያውቃል፣ ድንኳኑ ሙሉ ሰው፣ ለቀስተኛው ሁሉ ሳቁን ለመደበቅ ነጠላውን አፉ ላይ አደረገ። ስለዚህ "መጀመሪያ ልቅጠን፣ ከዚያ እወጣለሁ" አትበይ። እኔ አራት ዓመት እንደዚያ እያልኩ ነው ከ110 ወደ 128 የገባሁት።

ሰው ሳያየኝ ብዬ ገና ሳይነጋ ለመሄድም ሞክሬ ነበር። የሰፈር ውሻ አባረረኝ። ያን ቀን ግን ሮጫለሁ፣ አልዋሽም። የረዳኝ ከጓደኛዬ ጋር መውጣቴ ነው፤ ወሬ ስንይዝ ራሴን ማየት እረሳለሁ።

ፊዚዮዋ
ስራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው። ማርዳቦ፣ የጻፍሽውን ከብዙ ታካሚዎች ሰምቼዋለሁ። ሁለቱም ነው።

ከባድ ሰውነት ያለው ሰው ቀስ ብሎ ይራመዳል፣ እግሩን ሰፋ አድርጎ ይረግጣል፣ ሁለቱም እግሩ መሬት ላይ አብረው የሚቆዩበት ጊዜም ይረዝማል። ስንፍና አይደለም፣ ሚዛን መጠበቅ ነው። ጉልበትም የራሱ ሂሳብ አለው፤ አንድ ኪሎ ሲቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና ወደ አራት ኪሎ ገደማ ይቀልላል። እዚህ ላይ እፍረቱ ሲጨመር ሌላ ክብደት ነው። ሰው እንዴት ያየኛል እያልሽ ራስሽን ከውጭ ስትመለከቺ ትከሻሽ ይደርቃል። ሆድሽን ስትስቢ ደግሞ ሳንባሽ ወደ ታች የሚሰፋበት ቦታ ያጣል፣ ስለዚህ ያ ትንፋሽ ማጠር በከፊል ከኪሎው ሳይሆን ከመሳቡ ነው። ሆድሽን ልቀቂው! በኪሎው የተሰደበ ሰው ስፖርት እንደሚሸሽ በጥናትም የታየ ነገር ነው፣ ያ ረዳት ብዙ ሰው ከእግር መንገድ አስቀርቷል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ድሮ ቢያንስ አስር አስር ደቂቃ መሆን አለበት ይባል ነበር፤ በ2020 (እ.ኤ.አ.) መመሪያው ላይ ያ ቀርቷል፣ ሦስት ደቂቃም ይቆጠራል። እያወራሽ መቀጠል ከቻልሽ፣ መዝፈን ግን ካቃተሽ፣ መካከለኛ ማለት ያ ነው። እስክስታሽ ስፖርት ነው፣ ቁጠሪው። ሚዛኑ ባይንቀሳቀስ እንኳ ለግፊትሽ ይጠቅማል። ጉራጊኛው ግን ለጉልበትሽ ይቆይ።

ማንም የማይነግርሽን ልንገርሽ፦ ጭንሽ እየተፋተገ የሚያቃጥልሽ ከሆነ ከውስጥ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጥብቅ ቁምጣ ልበሺ፣ ቫዝሊንም ተቀቢ። ጡት የሚይዝ የስፖርት ጡት ማስያዣም ግዢ። ስንቱ "ስፖርት አልወድም" ያለው በዚህ የተነሳ ነው። ደረትሽን ካመመሽ ወይም ካዞረሽ ግን አቁሚና ሐኪም ጋር ሂጂ።

ቀላል_ነው
እሺ ስለ ቁምጣው አላውቅም ነበር። ይቅርታ ማርዳቦ።

ማርዳቦ
ችግር የለም 😄 የድሮው ወፍራም፣ የለቅሶ ቤቷን ወንበር ሳነብ ቢሮ ውስጥ ጮክ ብዬ ሳቅኩ፣ ይቅር በለኝ። ሆዴን ለቅቄ እስከ ፎቶ ኮፒው ሄጄ መጣሁ፣ እውነትም ትንፋሼ አላጠረም። ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ ሠርግ ነው። እስክስታው ላይ እነሳለሁ፣ ጉራጊኛ ሲመጣ እቀመጣለሁ፣ ለምን ካሉኝ ፊዚዮዋ ከልክላኛለች እላለሁ። ወንበሩን ግን መጀመሪያ በእጄ እፈትሸዋለሁ።