ባትሪ ያለው ሳይክል በሳይክል መንገድ ይሂድ ወይስ አይሂድ?

አወያይ፦ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ አዲስ አበባ ውስጥ የሳይክል መንገድ ተሠርቷል። አሁን ኤሌክትሪኮቹም እየገቡበት ነው። ምን ትላላችሁ?

የ4 ኪሎው፦ ይሂድ እንጂ! ያለነው ከባህር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ነው። ከመስቀል አደባባይ በቤተ መንግሥቱ በኩል 4 ኪሎ ድረስ በፔዳል ብቻ ውጡና እናውራ። ቢሮ ስደርስ ሸሚዜ ይጨመቃል። ባትሪ ካላገዘ ሳይክል የስፖርተኛ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የልጆች እናት፦ ወንድሜ፣ ሸሚዝ ይታጠባል። ባለፈው እሑድ የ7 ዓመት ልጄን ቦሌ ሳይክል ሳለማምድ አንዱ ከኋላ ሽው ብሎ አለፈን። ድምፅ የለው፣ ደወል የለው። መሪው የልጄን ክርን ነካው። እግሩ ፔዳል ላይ ሥራ ፈቷል፤ ጋዝ ነው የሚሰጠው። ይሄ ሳይክል ነው ሞተር?

መካኒኩ፦ ሁለታችሁም ስለተለያየ ዕቃ ነው የምታወሩት። የአውሮፓ ኅብረት እንደ ሳይክል የሚቆጥረው ሞተሩ ከ250 ዋት የማይበልጠውን፣ ፔዳል ሲመታ ብቻ የሚያግዘውን፣ 25 ኪሎ ሜትር በሰዓት ላይ እገዛውን የሚያቋርጠውን ነው። ጀርመን እስከ 45 የሚያግዘውን ታርጋና መንጃ ፈቃድ ትጠይቀዋለች። እውነቷን ነው። ከ25 ወደ 45 ስትገባ የግጭቱ ጉልበት ከ3 እጥፍ ያልፋል። እኔም ጋ «ገደቡን ፍታልኝ» እያሉ ይመጣሉ። አልፈታም። ሌላ ቦታ ሄደው ያስፈታሉ መሰለኝ።

ዲሊቨሪው፦ የምትፈርዱት ደሞዝ ስላላችሁ ነው። እኔ የሚከፈለኝ በትዕዛዝ ነው። ምሳው ከቀዘቀዘ የሚጮኸው የእኔ ስልክ ነው። ደሞ የትኛው ባዶ መንገድ ላይ ነው የምፈጥነው? እግረኛው በላዩ ይሄዳል፣ መኪናው ይቆምበታል።

የልጆች እናት፦ ምሳ ይሞቃል ልጄ። የተሰበረ ክንድ ግን ስንት ሳምንት ይፈጃል?

የ4 ኪሎው፦ እሺ፣ ባለጋዙ ይውጣ። ግን ማን ይለየዋል? ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው።

መካኒኩ፦ ቀላል ነው። የኋላ ጎማውን አንሥተህ ጋዙን ስጥ። ፔዳሉ ቆሞ ጎማው ከከነፈ በመኪና መንገድ ይሂድ። ትራፊኩ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም። ለዲሊቨሪዎቹ ግን አዝናለሁ፤ መቀጣት ካለበት በደቂቃ የሚያጣድፋቸውም ይቀጣ።

የ4 ኪሎው፦ ቁልቁለቱስ? ስመለስ እኮ ያለ ባትሪም 40 እገባለሁ።

የልጆች እናት፦ ፍሬን የለህም እንዴ?