የትምህርት ቤት ፕሮጀክት፦ ባንዱን በስልክ እየቀረፅን ድምፁን እንዴት እናሳምረው?

ሚኒሚዲያ ሳቢያን፦

ሰላም ለሁላችሁ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ከድሬዳዋ። ትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ክበብ ውስጥ ነው የምሠራው። ጠዋት ሰልፍ ላይ ዜና የምናነበው፣ በእረፍት ሰዓት ሙዚቃ የምንለቀው እኛ ነን። ዘንድሮ ቲቸር አዲስ ነገር አመጣ። የሙዚቃ ክበቡ ልጆች ይጫወታሉ፣ እኛ እንቀርፃለን፣ የ3 ደቂቃ ቪዲዮ አድርገን እናስረክባለን። ማርኩ ለምስል፣ ለድምፅና ለኤዲቲንግ ነው የተከፋፈለው። አንድ ነገር ግን ከልክሎናል። ስቱዲዮ ተቀድቶ ባለቀ ዘፈን ላይ አፍ ማንቀሳቀስ የለም። የሚሰማው ልጆቹ ሲጫወቱ የተቀዳው ድምፅ መሆን አለበት።

ዘፈኑ የራሳችን ነው። አንዱ ስንኝ በአማርኛ፣ አንዱ በኦሮምኛ፣ አንዱ በሶማሊኛ። ኪቦርድ፣ ጊታር፣ ከበሮና ሁለት ድምፃውያን አሉን። እቃችን ደግሞ አንድ ሳምሰንግ፣ አንድ ቴክኖ፣ የክበቡ ትንሽዬ ሚክሰር፣ ሁለት ማይክ፣ አንድ ስፒከርና የወንድሜ ላፕቶፕ ነው።

አዳራሹ ውስጥ ሞክረን ነበር። ምስሉ ላይ ጥቁር መስመር ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ድምፁ ያስተጋባል። ከበሮው ሲመታ ድምፃዊቷ ትጠፋለች። የጣራው ፋን ሳይቀር ይሰማል። ፋኑን ስናጠፋው ደግሞ... የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ።

የት እንቅረፅ? አሮጌው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ወይስ ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ስር? የሁለቱን ስልኮች ምስልና ድምፁንስ በምን እናገጣጥም?

ሰርግ ቀራጭ፦

እህቴ፣ መስመሩ ከመብራቱ ነው። የኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፤ አምፖሉና ሸምበቆው በሰከንድ 100 ጊዜ ይበራል ይደበዝዛል። ዓይን አያየውም፣ ካሜራ ያየዋል። ስልክሽ ብዙውን ጊዜ በሰከንድ 30 ፍሬም ነው የሚቀርፀው፤ ሹተሩም፣ ማለት ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ፣ ከመብራቱ ጋር አይገጥምም። ፕሮ ቪዲዮ የሚባለውን ክፈቺና ሹተሩን 1/50 ወይም 1/100 አድርጊው። 25 ፍሬም ካለው 25 ላይ አድርጊ። ቴክኖው ፕሮ ከሌለው ኦፕን ካሜራ የሚባለውን ነፃ አፕ ሞክሪበት። ካልሆነ መብራቱን አጥፍታችሁ በመስኮት ብርሃን ቅረፁ፤ ፀሐይ አታብለጨልጭም።

ድምፁን ግን ምን አስጨነቃችሁ? አንድ ቀን ስቱዲዮ ግቡ፣ በደንብ ቅዱት፣ ከዚያ በስፒከር እየለቀቃችሁ ቅረፁ። ክሊፕ የሚሠራው እንዲሁ ነው። ቲቸራችሁ በምን ያውቃል?

ከዚራ ኪቦርድ፦

ስለ መብራቱ ያልከው ልክ ነው ወንድሜ። ስለ ድምፁ ግን አልስማማም። ልጅቷ እኮ ተከልክለናል አለችህ። ባይከለከሉም አልመክርም። እኔ በሆቴልም በሰርግም ኪቦርድ የምጫወት ሰው ነኝ፤ ድምፅም አስተካክላለሁ። አፉን ብቻ የሚያንቀሳቅስ ዘፋኝ ትንፋሽ አይስብም፣ አንገቱ አይወጠርም። ከበሮ መቺውም ቆዳውን ይዳብሳል እንጂ አይመታም። ተመልካች ምን እንደጎደለ ላይነግርሽ ይችላል። ግን ያውቃል።

ከድምፁ ጀምሩ። ካሜራ ገና አታውጡ።

አዳራሹን እርሱት። ቆርቆሮ ጣራ፣ ሲሚንቶ ወለል፣ ባዶ ግድግዳ። ድምፁ ሄዶ እየተመለሰ ማይኩ ውስጥ ይገባል፤ አንዴ ከገባ ደግሞ በኤዲቲንግ አይወጣም። ባቡር ጣቢያው ለምስል ያምራል። ከተማዋ ራሷ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት፤ ለድሬ ልጅ ከዚያ የተሻለ ጀርባ የለም። ግን ባጃጁስ? የከዚራ ዛፍም ጥላ ይሰጣል እንጂ ባጃጅ አያስቆምም። ቀፊራ ገበያንማ ጭራሽ አታንሱት።

የኔ ሐሳብ መጅሊስ ነው። የቤት መጅሊስ። ዙሪያውን ፍራሽና ትራስ የተደረደረበት፣ ወለሉ ምንጣፍ፣ መስኮቱ ወፍራም መጋረጃ ያለው ሳሎን ከእናንተ ውስጥ ያንዳችሁ ቤት አይጠፋም። ድሬ ውስጥ ይሄ በየሰፈሩ አለ። ፍራሽና ምንጣፍ ድምፅ ይውጣል። ስቱዲዮዎች ግድግዳቸው ላይ ስፖንጅ የሚለጥፉት ለዚሁ ነው። ግቡና አንዴ ጠንከር አድርጋችሁ አጨብጭቡ። ጭብጨባው ሳይጎተት እዚያው ከሞተ ቦታችሁን አገኛችሁ። ለምስልም ቢሆን ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተው፣ መሀል የሻይ ብርጭቆ ተደርድሮ ሲጫወቱ ከመድረክ ይሻላል ባይ ነኝ። እናቶች ካስቸገሯችሁ ምንጣፉን እንደምትጠርጉ ቃል ግቡ።

ሰዓቱ ላይ ተጠንቀቁ። ከ6 እስከ 9 ሰዓት ድሬ ትተኛለች፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ያ ያጓጓል። ግን ያኔ ቤቱ ይፈላል። ፋን ትከፍታላችሁ፣ ፋኑ ማይክ ውስጥ ይገባል። ስልኩም ሲግል ቀረፃውን በራሱ ያቆማል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተዘርግታችሁ ጠብቁ፣ ከዙሁር አዛን በፊት ጨርሱ። ቅዳሜ ከእሁድ ይሻላል፤ እሁድ ጠዋት የቅዳሴው ድምፅ ማጉያ አለ። ፍሪጁን ንቀሉት፣ ሞተሩ ሲነሳ ይሰማል። ስትነቅሉት የስልካችሁን ቻርጀር ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጡ። ያለ ቻርጀር ወደ ቤት የሚሄድ ተማሪ አላየሁም፤ ሊወስደው ሲመጣ ፍሪጁን ይሰካዋል። የሰው ሥጋ እንዳታበላሹ።

አሁን አቀማመጥ። ኪቦርዱ በገመድ ቀጥታ ሚክሰር ይግባ። ሁለቱ ማይክ ለሁለቱ ድምፃውያን። ለከበሮ ማይክ አትፈልጉ፤ ሳትጠሩት ይመጣል። ከበሮ መቺውን ከማይኮቹ ጀርባ በኩል፣ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። የዘፋኝ ማይክ ከፊቱ ያለውን አጥርቶ ይሰማል፣ ከኋላው ያለውን ግን ይቀንሰዋል። ድምፃዊቷ የምትጠፋው ከበሮው ከኋላዋ ሆኖ ማይኩ ወደ እሱ ስለዞረ ይመስለኛል። ጊታሩ ለአንዱ ማይክ ጠጋ ይበል። ስፒከሩ ልጆቹ ኪቦርዱን እንዲሰሙ ያህል ብቻ ይከፈት፤ እሱም ከማይኮቹ ጀርባ።

ሚክሰሩ ዩኤስቢ ካለው ላፕቶፑ ላይ ኦዳሲቲ የሚባለውን የድምፅ መቅጃ ጫኑና በሱ ቅዱ። ነፃ ነው። 48,000 ኸርዝ አድርጉት፣ ቪዲዮ የሚሄደው በሱ ነው። ከበሮው በጣም ሲጠነክር እንኳን መለኪያው ከ-6 ዴሲቤል እንዳያልፍ። ዩኤስቢ ከሌለው የሚክሰሩን መውጫ ስልክ ላይ አትሰኩ፤ ጉልበቱ ይበዛበትና ድምፁ ይሰነጠቃል። ያኔ ሌላ ስልክ ለምኑና መሀላቸው ትራስ ላይ አስቀምጡት፤ ሚዛኑን በርቀት አስተካክሉ፣ ከበሮው ይራቅ፣ ዘፋኞቹ ይቅረቡ። ሁሉም ስልክ አውሮፕላን ሞድ ላይ ይሁን። አክስት ከጅቡቲ የምትደውለው ልክ ኮረሱ ሲደርስ ነው።

ከዚያ ዘፈኑን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደጋግማችሁ ተጫወቱ። አታቋርጡ። ከሁሉም ድምፁ ያማረውን አንዱን ምረጡ፣ እሱ ሙሉውን ይሂድ። ምስል ግን ከሌሎቹም መቁረጥ ትችላላችሁ፣ ፍጥነቱ አንድ ከሆነ። ችግሩ እሱ ነው። ከበሮ መቺ ሲሞቀው ይሮጣል፤ ተማሪም ይሮጣል፣ አንጋፋም ይሮጣል። 3 ደቂቃ ዘፈን ላይ በደቂቃ 96 ምት የነበረው 97 ቢሆን መጨረሻው ላይ 2 ሰከንድ ገደማ ትለያያላችሁ። እጁ ሌላ ቦታ፣ ድምፁ ሌላ ቦታ። ስለዚህ ከበሮ መቺው ባንድ ጆሮው ሜትሮኖም፣ ያ ፍጥነቱን ሳይለውጥ ጠቅ ጠቅ የሚለውን፣ ይስማ፤ የስልክ አፕ ሞልቷል። በ1950ዎቹ የኦሮምኛ ሙዚቃ ቡድኑ እነ አፍራን ቀሎ እዚሁ ድሬ ሲጀምሩ፣ አሊ ቢራም ገና ልጅ ሆኖ ሲቀላቀላቸው የምን ሜትሮኖም ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ግን እነሱን ቆራርጦ የሚቀጥል አልነበረም።

አሸዋ ሜዳ ልጅ፦

አቦ ይሄን ሁሉ ከምትደክሙ ከበሮውን ለእኔ ስጡኝ፣ ቀስ አድርጌ እመታዋለሁ 😂

ሰርግ ቀራጭ፦

እሺ፣ መጅሊሱን ወድጄዋለሁ። ሰርግ ላይ ስንቱን መጅሊስ ቀርጬ ለድምፅ አስቤው አላውቅም። ግን ጠባብ ስለሆነ በካሜራ በኩል ሁለት ነገር ልጨምር።

ሰፊውን ሌንስ፣ ያ 0.5 የሚለውን፣ ተዉት። ጥግ ላይ የተቀመጠውን ልጅ ፊቱን ይለጥጠዋል። በሩ ላይ ቆሞ በ1 መቅረፅ ይሻላል። መስኮቱ ከካሜራው ጀርባ ወይም ከጎን ይሁን እንጂ ከልጆቹ ጀርባ አይሁን። ሁለቱም ስልክ ከአንድ ወገን ይቁሙ። አንዱ ከወዲህ አንዱ ከወዲያ ማዶ ከሆነ ስትቆርጡት ዘፋኟ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ታያለች፣ ተመልካች ይምታታበታል። ስክሪኑን ተጭነሽ ያዢና ፎከስና ብርሃኑን ቆልፊው፤ አለበለዚያ ነጭ ሸሚዝ ባለፈ ቁጥር ምስሉ ይጨልማል።

መጀመሪያ ላይ ሳምሰንጉ ሁሉንም ይያዝ፣ ቴክኖው ድምፃውያኑን። ስትደግሙ ሳምሰንጉ ቦታው ይቆይና ቴክኖው ጣቶች ላይ ይሂድ፤ ኪቦርድ፣ ክር፣ የከበሮ ቆዳ። ስታገጣጥሙ የሚያድናችሁ የጣት ምስል ነው።

ባቡር ጣቢያውንም አትተዉት። ልጆቹ እቃ ተሸክመው ፊት ለፊቱ ሲያልፉ ቅረፁና መግቢያ አድርጉት። 10 ሰዓት ተኩል አካባቢ ብርሃኑ ይለሰልሳል። ግቢው ውስጥ ለመግባት ግን የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ያዙ፤ ያለ ደብዳቤ ከዘበኛ ጋር ስትከራከሩ ፀሐይዋ ትጠልቅባችኋለች።

ሚኒሚዲያ ሳቢያን፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። መጅሊሱን አግኝተናል፤ የከበሮ መቺያችን አክስት ቤት፣ ገንደ ቆሬ። ፍሪጁ ብቻ ትንሽ አከራክሮናል።

አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። የሶማሊኛውን ስንኝ የምትዘፍነው ጓደኛዬ ቤተሰቦቿ ፊቷ ቪዲዮ ላይ እንዲወጣ አይፈልጉም። ድምፁ ችግር የለውም ብለዋል። ልጆቹ ደግሞ ሌላ እንፈልግ እያሉ ነው። እኔ እሷን መተው አልፈልግም፣ ከሁላችንም የምትበልጠው እሷ ናት። ደግሞ ቲቸር ጥሩ ከሆነ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ላይ ይወጣል ብሏል።

የክበብ ኃላፊ፦

ልጄ፣ እኔ መምህር ነኝ፤ ሚኒ ሚዲያ እይዛለሁ። ልጅቷን አትተዉ። ቤተሰቡ የፈቀደው ድምፁን ነው፣ ድምፁን ውሰዱ። ፊት ሳይታይ የሚቀረፅ ብዙ ነገር አለ። ከኋላዋ፣ በትከሻዋ አሻግራችሁ ሌሎቹን ልጆች ቅረፁ። ማይኩን የያዘው እጇ፣ ሂና ካለው ደግሞ የበለጠ። መስኮቱ ጀርባዋ ሆኖ ጥላዋ ብቻ። ወንድሜ መስኮት ከጀርባ አይሁን ያለው ፊት እንዲታይ ስለፈለገ ነው፤ ለእሷ ስንኝ ግን መስኮቱ ይጠቅማችኋል። እሷ ስትዘፍን የሚሰሟትን ልጆች ፊትም ቅረፁ።

መጀመሪያ ግን እሷን ራሷን ጠይቂ። ይሄ ይመችሻል ወይ በያት። ቆርጣችሁ ስትጨርሱ፣ የትም ከመውጣቱ በፊት እሷና ቤተሰቧ ይዩት። መጨረሻ ላይ ስሟ ይጻፍ አይጻፍ እሷ ትወስን። ቪዲዮው ለክፍል ብቻ መሆኑና ዩቲዩብ ላይ መውጣቱ ለቤተሰብ ሁለት የተለያየ ጥያቄ ነው፤ ለየብቻ ጠይቁ። የሌሎቹንም ወላጆች ፈቃድ በወረቀት ያዙ፣ ሁላችሁም ከ18 በታች ናችሁ።

ዘፈኑ የራሳችሁ መሆኑ ትልቅ እረፍት ነው። የሰው ዘፈን ቢሆን አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ። ዩቲዩብም በራሱ ይይዘዋል። ግጥሙንና ዜማውን የሠራው ማን እንደሆነ አሁኑኑ ጻፉና ሁላችሁም ፈርሙበት። ዘፈን ሲወደድ ደራሲው ይበዛል።

ለሦስቱም ቋንቋ ከስር ጽሑፍ አድርጉ። የሶማሊኛውን ትርጉም እሷ ታስተካክል።

ሚኒሚዲያ ሳቢያን፦

ቲቸር፣ የትከሻውን ሐሳብ ነገርኳት። ሳቀች። ሂና ዓርብ ማታ ትቀባለች። ልጆቹም ዝም ብለዋል።

የቀረኝ ማገጣጠሙ ነው። ላፕቶፑ 4 ጊጋ ራም ነው ያለው።

ከዚራ ኪቦርድ፦

ኦዳሲቲውም ሁለቱም ስልክ መቅዳት ከጀመሩ በኋላ አንዳችሁ መሀል ቆማችሁ አንዴ አጨብጭቡ። ሁለቱም ስልክ እጁን ማየት አለባቸው። ዘፈኑ በተደገመ ቁጥር ጭብጨባውም ይደገም። ስትቆርጡ የስልኮቹን ድምፅ ቶሎ አታጥፉት። ጭብጨባው ሞገዱ ላይ እንደ ሚስማር ቆሞ ይታያል፤ ሦስቱን ሚስማሮች አስተካክላችሁ ከደረደራችሁ በኋላ የስልኮቹን ድምፅ አጥፉ፣ የኦዳሲቲው ይቅር።

መጀመሪያው ገጥሞ መጨረሻው ላይ ከተንሸራተተ ጥፋቱ የስልኩ ነው። ስልክ በሰከንድ 25 ፍሬም ብትይውም አንዳንዴ 24፣ አንዳንዴ 26 ያደርገዋል። ሃንድብሬክ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ቋሚ 25 አድርገሽ ቀይሪውና ከዚያ ወደ ኤዲቲንጉ አስገቢው። ዳቪንቺ ሪዞልቭ በ4 ጊጋ አይሞከርም፤ ካፕከት ይበቃሻል። ቦታም አጽዱ፣ ባለ 1080 ቪዲዮ በደቂቃ ከ100 ሜጋባይት በላይ ይበላል።

ኦዳሲቲውን ዛሬ ማታ ጫኚና ሚክሰሩን ሰክተሽ ኪቦርዱን ብቻ ቅጂበት። ላፕቶፑ ሚክሰሩን አላውቀውም ካለ ቅዳሜ ጠዋት ሳይሆን ዛሬ ይበልሽ። ካስቸገረሽ የሚክሰሩን ፎቶ ከጀርባው አንሺና እዚሁ ለጥፊው።