«ቢከን» አራት ቦታ ገብቶ አራት ዓይነት ሆነብኝ፤ በአማርኛ ምን ልበለው?

ሐዋሳዋ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ለሚሠሩ ባለጀልባዎች የሚታደል የደህንነት በራሪ ወረቀት ከእንግሊዝኛ እየመለስኩ ነው። «ቢከን» የምትለዋ ቃል አራት ቦታ አለች። ከመሸ የሚመለስ ጀልባ ማረፊያው ላይ ያለውን ቢከን አይቶ ይምጣ ይላል፤ ጀልባው የአደጋ ቢከን ይያዝ ይላል፤ የነፍስ አድን ጀልባ የሚሽከረከር ቢከን ካበራ መንገድ ልቀቁ ይላል፤ በመጨረሻ ሐይቁ ለከተማው የተስፋ ቢከን ነው ብሎ ይዘጋል። መዝገበ ቃላቱ «ፋና፣ ችቦ፣ ምልክት» ብሎ ደርድሮ ትቶኛል። ሁሉም ቦታ «ፋና» ብል ያስኬዳል? ተቀራራቢ የእንግሊዝኛ ቃላቱንም ብታብራሩልኝ።

ቃል በቃል፦
አያስኬድም እህቴ። ቃሉ ድሮ ኮረብታ ላይ የሚለኮስ የምልክት እሳት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1588 የስፔን መርከቦች ወደ እንግሊዝ ሲቃረቡ ወሬው ከኮረብታ ኮረብታ የተሻገረው በዚሁ እሳት ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ተሸክሟል፦ «ወደዚህ ና» እና «ተጠንቀቅ»። ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የትኛው እንደሆነ ለዪና በሥራው ጥሪው። የመጀመሪያው «ና» ነው፦ «ማረፊያው ላይ የሚበራውን ምልክት መብራት እያያችሁ ቅረቡ»። ሦስተኛው «ራቅ» ነው።

አንድ ነገር ግን አሠሪሽን ጠይቂ፦ መብራቱ ቀለሙ ምንድን ነው? ብልጭ ድርግም ይላል ወይስ ዝም ብሎ ይበራል? ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ በኩል ከኋላ የሆቴሉና የመንገዱ መብራት ስለሚበዛ፣ «መብራቱን እያያችሁ» የተባለ ቀዛፊ የትኛውን ይከተል? የባሕር የመብራት ማማዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው የብልጭታ ልክ የሚሰጣቸው እንዳይምታቱ ነው። «መብራት ቤት» ብለሽ እንዳትጽፊ ደግሞ፤ አንባቢው ቢል ሊከፍል ይሄዳል።

አንቴና፦
ሁለተኛው ላይ ጥንቃቄ። የአደጋ ቢከን በዋናነት የሬዲዮ መሣሪያ ነው። ሲከፈት በ406 ሜጋኸርዝ ወደ ሳተላይት ምልክት ይልካል፤ ብዙዎቹ ደግሞ ፈላጊው ቡድን ቀርቦ እንዲያገኛቸው በ121.5 ሜጋኸርዝ ደካማ ምልክት ይጨምራሉ። ብልጭ የሚል መብራት ሊኖረው ይችላል፣ ግን ዋናው እሱ አይደለም። «የአደጋ መብራት» ካልሽ ባለጀልባው ከሱቅ የእጅ ባትሪ ገዝቶ ግዴታዬን ተወጣሁ ይላል። «የአደጋ ጥሪ ማሰራጫ መሣሪያ» በይው።

መመሪያው ላይ ከሌለ እንዲጨመር ጠቁሚ፦ መሣሪያው በባለቤቱ ስም ካልተመዘገበ ጥሪው ሲደርስ የማን እንደሆነ፣ ለማን ስልክ እንደሚደወል አይታወቅም። በሰው ላይ የሚያዘው ትንሹ ዓይነት ከተከፈተ በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት፣ የመርከቡ 48 ሰዓት እንዲሠራ ተደርጎ ነው የሚመረተው። ሲከፈት የሚልከው እውነተኛ የአደጋ ጥሪ ስለሆነ ለሙከራ መክፈት የለም፤ ለዚያ የተለየ የመፈተሻ ቁልፍ አለው።

ባለ ፓውዛ፦
ሦስተኛው ቀላል ነው፤ አምቡላንስና መኪና ጎታች ጣሪያ ላይ የምናየው ነው። «የሚሽከረከር የማስጠንቀቂያ መብራት» በቂ ነው። ፍሬቻ አትበይው፣ ፍሬቻ መታጠፊያ ማሳያ ነው። አዳዲሶቹ ኤልኢዲ ስለሆኑ በእውነት አይሽከረከሩም፣ ብልጭ ነው የሚሉት፤ ጀልባው ላይ ያለው እንደዚያ ከሆነ «ብልጭ ድርግም የሚል» ብትይ ይሻላል።

ሰምና ወርቅ፦
«ፋና» ቦታው አራተኛው ላይ ነው፦ «ሐይቁ ለከተማው የተስፋ ፋና ነው»። «የተስፋ ጭላንጭል» እንዳትይ፤ ጭላንጭል ሊጠፋ የተቃረበ ብርሃን ነው፣ ቢከን ግን ከሩቅ የሚጠራ ነው። «ፋና ወጊ» ደግሞ ሰው ነው፣ ቀድሞ መንገድ ያበጀ። ስለ ሐይቅ አይባልም። ስለ ትምህርት ቤት ወይም ስለ መምህር ቢሆን «አርአያ»ም ይሄድ ነበር።

ተቀራራቢዎቹን በተመለከተ፦ «ላይትሃውስ» ማማው ራሱ ነው፣ ቢከን ግን ያለ ማማም ይኖራል። «ቦይ» ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ምልክት ነው፣ መብራት ላይኖረው ይችላል። «ፍሌር» ተተኩሶ ወይም ተለኩሶ ለአጭር ጊዜ የሚነድ የአደጋ ምልክት ነው። «ሎድስታር» መሪ ኮከብ፣ በተለይ የሰሜን ኮከብ ነው፤ ለዓላማና ለመርህ እንጂ ለዕቃ አይውልም። «ቶርች» ችቦ ነው፤ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲተላለፍ እንጂ ቆሞ ሲጠራ አይባልም። ቢከንን በነዚህ እየተካሽ ድግግሞሽ ለማስቀረት አትሞክሪ፤ የደህንነት ጽሑፍ ላይ አንድ ዕቃ ሁለት ስም ካገኘ ሁለት ዕቃ ይመስላል።

ሐዋሳዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመሣሪያው ሣጥን ላይ ያለው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ስለሆነ «የአደጋ ጥሪ ማሰራጫ» ካልኩ በኋላ የእንግሊዝኛውን ድምፅ ልጨምር? ከጨመርኩስ «ቢከን» ነው «ቤከን»?

አንቴና፦
ጨምሪ፣ ገዢው ሱቅ ሄዶ የሚጠይቀው በዚያ ስም ነው። አንዴ መጀመሪያ ላይ ብቻ፤ ከዚያ በአማርኛው ቀጥዪ።

ቃል በቃል፦
«ቢከን»። «ቤከን» የአሳማ ሥጋ ነው፤ ጀልባው ላይ ይያዝ ብለሽ ካተምሽ በኋላ የሚመልስ የለም።