ታይ ቺ ስሠራ ስዞር ጉልበቴን ይወጋኛል

ሰላም ለሁላችሁ። 67 ዓመቴ ነው፣ ጡረተኛ ነኝ። በወጣትነቴ ቴኳንዶ ሠርቻለሁ። አሁን ግን እንኳን እግር ላነሳ፣ ካልሲ ለማድረግም ግድግዳ እደገፋለሁ።

ሐኪሙ የግራ ጉልበቴን ራጅ አይቶ "መጋጠሚያው መበላት ጀምሯል፤ ቢሆንም ቁጭ እንዳይሉ" አለኝ። ልጄ ደግሞ "አባዬ፣ ታይ ቺ ሞክር" አለች፤ ቀስ እያሉ የሚሠራ የቻይና የሰውነት እንቅስቃሴ ነው። ባለ 24 እንቅስቃሴውን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1956 ቻይና ውስጥ የተዘጋጀውን አጭሩን፣ ከዩቲዩብ እያየሁ ጀመርኩ። ሦስት ወር ሆነኝ። በአንድ እግር 4 ሰከንድ መቆም ያቅተኝ የነበርኩት ሰውዬ ዛሬ 15 እቆማለሁ። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም።

ችግሩ መዞሩ ላይ ነው። ክብደቴ ግራ እግሬ ላይ እያለ ወገቤን ሳዞር ጉልበቴን ከውስጥ በኩል ውግት ያደርገኛል። ልጄ በስልክ ቀረጸችኝ። ሳየው የእግሬ ጣቶች ወደ ፊት እንዳሉ ቀርተዋል፣ ጉልበቴ ብቻ ወደ ውስጥ ተጠምዟል።

ዝቅ ማለቱን ቀነስኩ፤ ትንሽ ተሻለኝ። የሳሎኑ ሴራሚክ ላይ በሚይዘው የጎማ ጫማ ፋንታ በካልሲ ሞከርኩ፤ ልወድቅ ነበር፣ ተውኩት። ክብደቴን ወደ ኋላ መልሼ በተረከዜ ስዞር ሕመሙ የለም፣ ግን እንገዳገዳለሁ። እብጠት የለውም፣ በማግስቱም ይተወኛል።

ታይ ቺ የምታሠሩ ወይም ጉልበታችሁን እያመማችሁ የምትሠሩ፣ ሳልንገዳገድ እግሬንና ጉልበቴን አንድ ላይ ለማዞር ክብደቴን መቼና ምን ያህል ልመልስ?