ስብ ከእጥፍ በላይ ጉልበት ከያዘ ሰውነታችን ግላይኮጅን ለምን ያስቀምጣል?

የማታ ጥናት፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ባዮ ላይ አንድ ነገር ከሳምንት በላይ ሲከነክነኝ ነው የከረመው። ክላስ ውስጥ 1 ግራም ካርቦሃይድሬት 4 ኪሎ ካሎሪ፣ 1 ግራም ስብ ደግሞ 9 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል ተብለን ጻፍን። እሺ ይሁን፣ ግን ወዲያው ቀጥሎ ጉበትና ጡንቻ ግሉኮስን ግላይኮጅን አድርገው ያስቀምጣሉ ተባለ። ታዲያ ስብ በግራም ከእጥፍ በላይ ከያዘ ግላይኮጅን ለምን አስፈለገ? ሁሉንም ስብ አድርጎ ማስቀመጥ አይሻልም ነበር? ደግሞ ድንች ሚያጠራቅመው ስታርች ነው፣ ኦቾሎኒ ግን ዘይት፣ ሁለቱም ተክል ሆነው ለምን ተለያዩ? እጄን አውጥቼ ስጠይቅ "ይሄ ፈተና ላይ አይመጣም" ተብዬ ተቀመጥኩ፣ እኔ ግን የጠየቅኩት ለፈተና ሳይሆን ገርሞኝ ነው። የሚያውቅ ካለ በናታችሁ ረጋ ብላችሁ አስረዱኝ፣ ቁጥር ቢኖረውም ችግር የለም።

የድሮ መምህር፦

ልጄ መጀመሪያ 9 እና 4 ሚባሉት ቁጥሮች ከየት እንደመጡ እንይ፣ እሱ ከገባሽ ቀሪው ቀላል ነው። የግሉኮስን ፎርሙላ አስቢው፣ 6 ካርቦን፣ 12 ሃይድሮጅን፣ 6 ኦክስጅን። ለእያንዳንዱ ካርቦን አንድ ኦክስጅን ይደርሰዋል ማለት ነው። አሁን ደግሞ ፓልሚቲክ አሲድን ውሰጂ፣ ሰውነታችን ስብ ውስጥ በብዛት ካሉት ፋቲ አሲዶች (ስብ ሚሰራባቸው ረጃጅም የካርቦን ሰንሰለቶች) አንዱ ነው፣ 16 ካርቦን፣ 32 ሃይድሮጅን፣ ኦክስጅኑ ግን 2 ብቻ። ማቃጠል ማለት ከኦክስጅን ጋር ማገናኘት አይደል? ስለዚ ግሉኮስ ገና ሳንነካው በከፊል ነዶ የጠፋ እንጨት ነው፣ ስብ ግን እሳት ያልነካው ደረቅ ፍልጥ። የልዩነቱ ዋና ምክንያት ይሄ ነው።

ሲከማቹ ግን ልዩነቱን ከዚህም በላይ የሚያሰፋው ውሃ ነው። ግላይኮጅን ውሃ ይወዳል፣ ሴል ውስጥ ሲቀመጥ 1 ግራሙ 3 ግራም ገደማ ውሃ ይዞ ነው ሚቀመጠው። ስብ ደግሞ ውሃን ስለሚሸሽ ብቻውን ጠብታ ሆኖ ጥቅጥቅ ብሎ ይቀመጣል። እስቲ አብረን እናስላ፣ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 12 ኪሎ ስብ አለው እንበል። 12 ሺ ግራም በ9 ስታባዢው 108 ሺ ኪሎ ካሎሪ ይመጣል። ይሄንኑ ጉልበት በግላይኮጅን ያስቀምጥ ቢባል 108 ሺን ለ4 አካፍይው፣ 27 ኪሎ ግላይኮጅን ያስፈልገዋል፣ እሱ ሚይዘው ውሃ ደግሞ 81 ኪሎ፣ ድምሩ 108 ኪሎ። ያ ሰውዬ 70 ኪሎ መሆኑ ይቀርና 166 ኪሎ ተሸክሞ ይሄዳል ማለት ነው። ስብ ባይኖር ኖሮ ሚራመድና ሚበር እንስሳ ምን እንደሚሆን ከዚህ ማየት ትችያለሽ።

እንግዲህ ይሄ ያንቺን ጥያቄ የባሰ አከበደው እንጂ አልመለሰውም፣ አውቃለሁ። ግላይኮጅን ለምን አስፈለገ ሚለውን ሌሎቹ ይሞክሩት፣ እኔ የድንቹን ይዤ ማታ እመለሳለሁ።

ሯጩ፦

እህቴ እኔ ሳይንቲስት አደለሁም ግን መልሱን በእግሬ አውቀዋለሁ። የመጀመሪያ ማራቶኔን ስሮጥ እስከ 30 ኪሎ ሜትር ድረስ ደስ እያለኝ ነበር የምሄደው፣ ከዛ 32 ላይ አካባቢ አንድ ሰው ሶኬቱን የነቀለብኝ መሰለኝ። ትንፋሼ ደህና ነው፣ ሚያም ነገር የለም፣ ግን እግሬ እርሳስ ሆነ፣ ላቤ ቀዘቀዘ፣ የቀረኝን ኪሎ ሜትር ለማስላት 42 ሲቀነስ 32 ሚለውን ራሱ ሁለት ሶስቴ ነው ያሰብኩት። እያለቀስኩ በእግሬ ሄጄ ጨረስኩ። በኋላ ሳነብ ነው የገባኝ። ሰው ሲሮጥ በግምት በኪሎ ክብደቱ በኪሎ ሜትር 1 ኪሎ ካሎሪ ያወጣል፣ እኔ 65 ኪሎ ነኝ፣ ለ42ቱ ከ2700 በላይ ያስፈልገኛል። ጡንቻና ጉበት ላይ ያለው ግላይኮጅን ተደምሮ ግን 2000 ገደማ ነው፣ የተወሰነውን ስብ ቢሸፍንልኝም ፍጥነቴን ከአቅሜ በላይ አድርጌው ስለነበር ግላይኮጅኑ ቀድሞ አለቀ። እና በዛ ሰአት ሰውነቴ ላይ ብዙ ማራቶን ሚያስሮጥ ስብ ነበር እኮ! አለ ግን ቶሎ አይደርስልኝም።

ለምን አይደርስም ካልሽ መንገዱ ረጅም ስለሆነ ነው። ስቡ መጀመሪያ ካለበት ሴል ውስጥ ተፈታቶ መውጣት አለበት፣ ደም ውስጥ ብቻውን ስለማይሟሟ አልቡሚን ሚባለው ፕሮቲን ላይ ተጭኖ ይጓዛል፣ ጡንቻ ጋር ሲደርስ ደግሞ ሚቶኮንድሪያ (የሴሉ ነዳጅ ማቃጠያ ምድጃ) ውስጥ ሚያስገባው ሌላ አጓጓዥ ይፈልጋል፣ እዛ ከገባ በኋላም ያለ ኦክስጅን አይነድም። ግላይኮጅን ግን እዛው ጡንቻው ውስጥ ቁጭ ብሎ ነው ሚጠብቅሽ፣ ኦክስጅን ባይደርስ እንኳን ላክቴት ወደሚባል ነገር እየቀየርሽው ትንሽ ኤቲፒ (ሴል በቀጥታ ሚጠቀምበት ጉልበት) ታወጪበታለሽ። ከአንድ ግሉኮስ በኦክስጅን 30 ገደማ ኤቲፒ ሚወጣ ከሆነ ያለ ኦክስጅን 2 ብቻ ነው፣ ትንሽ ነው ግን በቅጽበት ነው ሚደርሰው። ውሻ ሲያባርርሽ ምትሮጪው በሱ ነው።

ነርሷ፦

ሯጩ ያለው ልክ ነው፣ እኔ የአንጎሉን ልጨምር ምክንያቱም ለህይወት ዋናው እሱ ነው ብዬ ነው ማስበው። አንጎል በቀን 120 ግራም ገደማ ግሉኮስ ይፈልጋል፣ ፋቲ አሲድን ደግሞ እንደ ነዳጅ አይጠቀምበትም ማለት ይቻላል። ቀይ የደም ሴልማ ጭራሽ ሚቶኮንድሪያ የለውም ስለዚ ከግሉኮስ ውጪ ምንም ማቃጠል አይችልም። እና ደማችን ውስጥ በአንድ ጊዜ ያለው ስኳር ስንት ይመስላችኋል? አዋቂ ሰው ሙሉ ደሙ ውስጥ ከ4 እስከ 5 ግራም ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ! ይሄ ማንኪያ ሌሊት ተኝተን እንኳን እንዳይጎድል እየሞላ ሚያድረው ጉበት ነው፣ 100 ግራም ገደማ ግላይኮጅን ይዞ። ጡንቻ 400 ገደማ አለው ግን ለደም አያካፍልም፣ ግሉኮስን ሴል ውስጥ ከሚያስቀረው ፎስፌት አላቆ ሚያስወጣው ኤንዛይም ስለሌለው ለራሱ ብቻ ነው። የጉበት የጋራ ጎተራ ነው፣ የጡንቻ የግል።

የጉበት ግላይኮጅን የተገኘበት መንገድ በጣም ነው ደስ ሚለኝ። ክሎድ በርናርድ ሚባል ፈረንሳዊ ከእንስሳ የወጣ ጉበት ውስጥ ውሃ እያሳለፈ ስኳሩ ጥርግ ብሎ እስኪጠፋ አጠበው፣ ከዛ እዛው ትቶት ሄደ፣ በማግስቱ ሲመጣ ያ የታጠበ ጉበት እንደገና ስኳር ሞልቶታል። ደም የለ ምግብ የለ፣ ከየት መጣ? ጉበቱ ውስጥ ስኳር ሚሆን ግን ስኳር ያልሆነ ነገር አለ ማለት ነው ብሎ ሲፈልግ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1857 ግላይኮጅንን ለይቶ አወጣው።

ግሉኮሱን ዝም ብሎ በነጠላው ለምን አያስቀምጠውም ካልሽ ደግሞ ኦስሞሲስ ነው። ያ ሁሉ ግሉኮስ ጉበት ሴል ውስጥ ተበታትኖ ቢሟሟ ውሃ ግር ብሎ ገብቶ ሴሉን ያፈነዳዋል። በአስር ሺዎች ሚቆጠር ግሉኮስ ተያይዞ አንድ ሞለኪውል ሲሆን ግን ኦስሞሲስ እንደ አንድ ነው ሚቆጥረው። ቅርንጫፉም ብዙ ነው፣ በየ10 ግሉኮሱ ገደማ ይሰነጠቃል፣ ስለዚ ጫፉ ብዙ ነው፣ ኤንዛይሞቹ ከብዙ ጫፍ በአንዴ እየቆረጡ ያወጣሉ። ፍጥነቱ ከዛ ነው።

አዲስ ገቢ፦

አንድ ነገር ግን አልገባኝም፣ ጉበት ላይ ያለው ቢያልቅ እንኳን ስቡ ወደ ስኳር ይቀየራል አይደል እንዴ? ስኳር ወደ ስብ ከተቀየረ በዛው መንገድ መመለስ ይችላል ብዬ ነበር ማስበው። ደግሞ እግረ መንገዴን፣ ባለፈው ዳይት ስጀምር በ3 ቀን 2 ኪሎ ቀነስኩ ከዛ ቆመ፣ ያ ስብ በላብ ነው ሚወጣው?

ነርሷ፦

አይመለስም ወንድሜ፣ የአንድ አቅጣጫ መንገድ ነው። ፋቲ አሲድ ሲቆራረጥ አሴቲል ኮኤ ሚባል ትንሽ ቁራጭ ይሆናል፣ እኛ ደግሞ አሴቲል ኮኤን መልሰን ግሉኮስ ምናደርግበት መንገድ የለንም። ከስብ ውስጥ ግሉኮስ ሊሆን ሚችለው ሶስቱን ፋቲ አሲድ አንድ ላይ ሚይዘው ግሊሴሮል ነው፣ እሱ ደግሞ ትንሽ ነው። ለዛ ነው ሰው ምግብ ሳይበላ ከአንድ ቀን በላይ ሲቆይ ሰውነቱ ጡንቻውን እየነካ ከአሚኖ አሲድ ግሉኮስ ሚሰራው። በቀናት ውስጥ ጉበት ከስቡ ኪቶን ሚባል ሌላ ነዳጅ መስራት ያበዛል፣ አንጎል ኪቶንን መጠቀም ስለሚችል የግሉኮስ ፍላጎቱ ይቀንሳል፣ ጡንቻውም ትንሽ ፋታ ያገኛል።

2 ኪሎህ ደግሞ በአብዛኛው ስብ አልነበረም። 500 ግራም ግላይኮጅን ከ1500 ግራም ውሃው ጋር ስንት ነው? ደምረው። ስንቀንስ ቶሎ ሚሄደው እሱ ነው፣ ስንበላ ቶሎ ሚመለሰውም እሱ ነው፣ ስለዚ ቆመ ብለህ ተስፋ አትቁረጥ። እውነተኛው ስብ ሚወጣው በዋናነት በትንፋሽ ነው። 10 ኪሎ ስብ ሙሉ ለሙሉ ሲቃጠል 8.4 ኪሎው ካርቦንዳይኦክሳይድ ሆኖ በአፍና በአፍንጫህ ይወጣል፣ 1.6ቱ ብቻ ነው ውሃ ሚሆነው። የሰውነትህ ካርቦን አየር ሆኖ ነው ሚሄደው፣ እኔ መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ሌሊቱን ትንፋሼን ሳዳምጥ ነው ያደርኩት።

የድሮ መምህር፦

ይቅርታ ዘገየሁ። ነርሷ በጣም ጥሩ አድርገሽ ነው ያስረዳሽው፣ እኔ ክላስ ውስጥ እንደዛ አልተናገርኩትም ነበር።

ወደ ድንቹ። ልጄ ድንች አይሄድም፣ አፈር ውስጥ ነው ሚቀመጠው፣ ክብደት ለሱ ምኑም አደለም፣ ስለዚ ስታርች ይበቃዋል፣ ሲሰራም ሲፈታም ቀላል ነው። ኦቾሎኒ ግን ዘር ነው፣ በትንሽ ቦታ ብዙ ጉልበት ይዞ ችግኙን ቅጠል እስኪያወጣ መቀለብ አለበት፣ ለዛ ዘይት ይመቻል። ግን ይሄን እንደ ህግ እንዳትይዢው፣ ስንዴና በቆሎም ዘር ናቸው ሆኖም በብዛት ስታርች ነው ሚያጠራቅሙት። ሚንቀሳቀሰው ላይ ግን ነገሩ ግልጽ ነው። ባር ቴይልድ ጎድዊት ሚባል ወፍ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 አንዷ፣ ገና 5 ወር የሆናት፣ ከአላስካ ተነስታ ታዝማኒያ እስክትደርስ 13,560 ኪሎ ሜትር በ11 ቀን ሳታርፍ በረረች። እነዚህ ወፎች ሲነሱ የክብደታቸው ግማሽ ገደማ ስብ ነው፣ እንዲያውም ለመቅለል ብለው አንጀታቸውና ጨጓራቸው ሳይቀር ይጨማተራል። ያንን በግላይኮጅን ቢያስቀምጡት ከመሬትም አይነሱ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ነርሷ ስብ ወደ ስኳር አይመለስም ያለችው ለኛ ነው። ሚበቅል ዘር ይችላል! ግላዮክሲሌት ሳይክል ሚባል መንገድ አለው፣ በሱ ዘይቱን ስኳር ያደርግና ወደ ስሩና ወደ ግንዱ ይልካል። እኛ ያጣነውን መንገድ ኦቾሎኒ አለው።

በእጅሽ ማየት ከፈለግሽ ቀላል ነው። ድንች ቆርጠሽ ቁስል ሚጠረግበትን አዮዲን አንድ ጠብታ ጣል አድርጊበት፣ ቡናማው ጠብታ ወዲያው ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይዞራል፣ አዮዲኑ የስታርቹ ጥምዝ ውስጥ ገብቶ ነው። ኦቾሎኒውን ደግሞ ልጠሽ ነጭ ወረቀት ላይ በማንኪያ ጀርባ ጨፍልቂው፣ አጠገቡ አንድ የውሃ ጠብታ አድርጊና አንድ ሰአት ጠብቂ።

የማታ ጥናት፦

መምህር እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ሯጩ ደግሞ የ32ቱን ሳነብ አሳዘንከኝ። ገባኝ፣ እኔ አንዱ ጎተራ ከሌላው ይሻላል አይሻልም እያልኩ ነበር ማስበው፣ ለካ ሚጠበቅባቸው ስራ ራሱ አንድ አደለም።

ሁለቱንም አሁን ሰራሁት። ድንቹ ላይ አዮዲኑ ገና ከመንካቱ ነው የጠቆረው፣ ጥፍሬ ስር የገባው የድንች ፍርፋሪ ሳይቀር ሰማያዊ ሆኗል። ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ ሁለቱም እርጥብ ስለነበሩ መለየት አልቻልኩም ነበር፣ ከአንድ ሰአት በኋላ የውሃው ደርቆ ጠፋ፣ የኦቾሎኒው ግን ወረቀቱን መስታወት አስመስሎት እዛው አለ፣ አምፖል ላይ ሳደርገው ጣቴ በሱ በኩል ይታያል።

መምህር አንድ ጥያቄ ግን፣ ዘሩ ሲበቅል ዘይቱን ስኳር ካደረገው የበቀለ ኦቾሎኒ ወረቀት ላይ ብጨፈልቅ ምልክቱ ያንሳል ማለት ነው? ጥሬ 10 ፍሬ አሁን ውሃ ውስጥ ነክሬያለሁ፣ በ3ኛው በ6ኛው እና በ9ኛው ቀን እየጨፈለቅኩ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጣቸዋለሁ።

የድሮ መምህር፦

መቀነስ አለበት ልጄ፣ ግን በአይን ለመለየት ያስቸግርሽ ይሆናል፣ የበቀለው ውሃ ስለጠጣ ክብደቱ ይጨምራልና በግራም እንዳታወዳድሪ፣ ሁልጊዜ አንድ ሙሉ ፍሬ ለአንድ ወረቀት አድርጊ። ወረቀቱም በደንብ ይድረቅ። በ9ኛው ቀን እዚሁ እጠብቅሻለሁ።