የዕቅድ ውይይት፦ የጣናን ዓሦች የሚመለከቱ አጫጭር ፊልሞች የጋራ ረቂቅ

ጸሐፊ
የተከበራችሁ አባላት፣ ባለፈው ስብሰባ በተወሰነው መሠረት፣ ተማሪዎችና የፊልም ባለሙያዎች ስለ ውኃ ሀብት ጥበቃ አጫጭር ፊልሞችን የሚያቀርቡበትን የመርሐ ግብር ረቂቅ አዘጋጅቻለሁ። መነሻዬ ሰኔ 1 ቀን የሚታሰበው የዓለም ውቅያኖስ ቀን ሲሆን፣ ጠቅላላ ርእሱ «ውቅያኖስን እንጠብቅ» የሚል ነው። ፊልሞቹ ከ5 ደቂቃ የማይበልጡ፣ የተማሪና የባለሙያ ተብለው በሁለት ዘርፍ የሚዳኙ ይሆናሉ። አስተያየታችሁን በጽሑፍ እንድትሰጡበት በትሕትና እጠይቃለሁ።

የካሜራ ባለሙያዋ
ጸሐፊያችን ለደከሙበት ሥራ ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ በርእሱ ላይ ግን ተቃውሞ አለኝ። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር የላትም፤ የባሕር ዳር ከተማ ተማሪ ስለ ውቅያኖስ ፊልም ሥራ ቢባል ከኢንተርኔት የኤሊና የኮራል ምስል ቀጣጥሎ፣ አሳዛኝ ሙዚቃ ጭኖበት ከማምጣት ሌላ አማራጭ አይኖረውም። ይህን መሰል ሥራ ስዳኝ ብዙ ጊዜ ታዝቤዋለሁ፤ ሠሪው ራሱ ያላየውን ነገር ተመልካቹ ሊያምነው አይችልም። እርግጥ ነው፣ ከጣና የሚወጣው ዓባይ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ይገባል፤ ነገር ግን ይህ ለተራኪ አንድ ዓረፍተ ነገር እንጂ ለፊልም የሚበቃ ምስል አይሆንም። ስለዚህ ርእሳችን ጣና ይሁን እላለሁ።

አንድ ስጋትም አለኝ። ጣና ካልን ከቀረቡት ፊልሞች አብዛኞቹ ስለ እምቦጭ ይሆናሉ። አረሙ በሐይቁ ላይ ከታየበት ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ያልተቀረጸበት ማዕዘን የለም፤ ጉዳዩ ቀላል ነው ማለቴ ሳይሆን፣ ከውኃው በታች ያለውን ሁሉ ሸፍኖብናል ለማለት ነው።

የዓሣ ሀብት ተመራማሪው
የእኅታችንን ሐሳብ ደግፌ፣ ከውኃው በታች ስላለው ነገር ጥቂት ልጨምር። በጣና ውስጥ ባርበስ ከሚባለው የዓሣ ወገን ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች ይገኛሉ፤ አብዛኞቹም በዓለም ላይ ከዚህ ሐይቅ በቀር በሌላ ቦታ የሉም። ቆሮሶ (ቲላፒያ) በሐይቁ ዳር ሲራባ፣ ከነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ግን በዚያ አይራቡም፤ ክረምት ሲገባ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በድርማ ወንዞች አፍ ተሰብስበው ሽቅብ ይወጣሉ፣ ንጹሕ ውኃ በሚወርድበት ጠጠር ላይም እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ለመራባት የሚደርሱት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስለሆነ፣ የጎደለው ቶሎ አይተካም።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ከገባ ወዲህ፣ በወንዝ አፍ ላይ አንድ መረብ መዘርጋት በሐይቁ ሁሉ ከመዞር ይልቅ የሚያዋጣ ሆነ፤ በዚያ ሰሞን የሚያዘው ዓሣ ደግሞ ሆዱ በእንቁላል የተሞላ ነው። ከወንዞቹ የሚዛቀው አሸዋና ጠጠርም የመራቢያውን መደብ ይዞት ይሄዳል። በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ የነበሩ የነዚህ ዓሦች የሩቅ ዘመዶች ምን እንደደረሰባቸው ማወቅ ይጠቅማል፤ የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2020 እ.ኤ.አ. 15 ዝርያዎች ከዚያ ፈጽሞ መጥፋታቸውን አስታውቋል። ስለዚህ ርእሱ «ወደ ወንዝ የሚወጡ ዓሦች» ተብሎ እንዲጠብ ሐሳብ አቀርባለሁ።

የተማሪዎች ተወካይ
ተመራማሪው መምህራችን የጠቀሱት ወቅት ለእኛ ሁለት ነገር ያመጣል። ዓሦቹ የሚወጡት በተለይ በነሐሴና በመስከረም ከሆነ፣ እስከ መስከረም መጀመሪያ ትምህርት ቤት ዝግ በመሆኑ ጊዜ አለን፤ ነገር ግን ተማሪው በየቤተሰቡ ተበትኗል፣ የፎገራ ሜዳም በጎርፍ ይሸፈናል፣ ከከተማ ወጥቶ መንቀሳቀስም ሁልጊዜ አይመችም። በመሆኑም ቀረጻው በየወንዙ አቅራቢያ በሚኖሩ ተማሪዎች ቢጀመር ይሻላል። አብዛኞቻችን የምንቀርጸው በስልክ ነው፤ በዝናብ ስልኩን በፌስታል ጠቅልለን ብንሠራም ምስሉ ይወጣል፣ ድምፁ ግን የጠብታ ጩኸት ብቻ ይሆናል። በውድድሩ ለብቻችን መዳኘታችንን እንደግፋለን፤ ሆኖም ለእያንዳንዱ ቡድን ከባለሙያዎቹ አንድ ሰው በድምፅና በቅንብር እንዲያግዘን እንጠይቃለን።

ከአስጋሪ ቤተሰብ የመጣው አባል
እኔ በበኩሌ የምፈራው ፊልሞቹ በአስጋሪው ላይ ጣት እንዳይቀስሩ ነው። አስጋሪው በወንዝ አፍ ላይ የሚቆመው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ክረምት የእህል ጎተራ የሚራቆትበት፣ የልጆች የትምህርት ወጪም የሚደርስበት ወቅት ስለሆነ ነው። በባዶ የውኃ ፕላስቲክ እያንሳፈፈ የዘረጋውን መረብ ንጋት ላይ ሲስብ፣ ዓሣው ሲቀደድ ብርቱካናማው እንቁላል ጀልባው ወለል ላይ ሲፈስ፣ ነገሩ ለእርሱም የተሰወረ አይደለም። ይህ በቅርብ ቢቀረጽ ከብዙ ምክር ይበልጣል፤ ነገር ግን ሰውየው ምን እንደሚቀረጽና የት እንደሚታይ አስቀድሞ ተነግሮት ፈቃዱን ሲሰጥ ብቻ ነው።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስለ አዋጁ ከሚነገር ይልቅ በሁለቱ የክረምት ወራት አስጋሪው በምን ይኑር የሚለውን የሚጠይቅ ፊልም ቢመጣ እኔ የመጀመሪያውን ድምፅ እሰጠዋለሁ።

የካሜራ ባለሙያዋ
የፈቃዱ ጉዳይ በደንቡ ውስጥ እንደ ግዴታ ይግባ። ድሮንም ያለ ፈቃድ ስለማይበር፣ ከላይ የተነሣ ምስል ነጥብ እንዳያስጨምር እንወስን፤ አለበለዚያ አቅም ያለው ብቻ ይጠቀማል። ድምፅን በተመለከተ እኔ ሦስት ቡድኖችን እይዛለሁ።

ጸሐፊ
በሐሳቦቹ መሠረት ረቂቁን እንደሚከተለው አሻሽያለሁ። ርእሱ «ወደ ወንዝ የሚወጡ ዓሦች» ሆኗል። ቀረጻው በነሐሴና በመስከረም ይካሄዳል፤ ፊልሞቹ እስከ ታኅሣሥ ተቀናብረው ለማኅበሩ ይገባሉ፤ የዓለም የእርጥብ መሬቶች ቀን በሚከበርበት ጥር 25 ቀን ለዳኞችና ለተማሪዎች በባሕር ዳር ይታያሉ። ሰኔ 1 ቀንን አልተውኩትም፤ ዓሦቹ መውጣት ከመጀመራቸው ጥቂት ሳምንታት ስለሚቀድም፣ የተመረጡት ፊልሞች በዚያ ቀን በየወንዙ አፍ አካባቢ ለአስጋሪዎችና ለቤተሰቦቻቸው እንዲታዩ፣ ከእይታው በኋላም ስለ ክረምት መተዳደሪያ ውይይት እንዲደረግ አስገብቻለሁ። ድሮንና ፈቃድን የሚመለከቱት አንቀጾች በተባለው መሠረት ተጽፈዋል።

ተመራማሪው ወንድማችን የዓሦቹን ዝርያ ለመለየት የሚረዳ አንድ ገጽ ማብራሪያ ከምስል ጋር ለተማሪዎቹ እንዲያዘጋጁ፣ ከአስጋሪ ቤተሰብ የመጣው አባላችን ደግሞ በጉማራና በርብ ካሉ አስጋሪዎች ጋር አስቀድመው እንዲነጋገሩ እጠይቃለሁ። ጀነሬተርና ሸራ ከማን እንደምንዋስ አልተወሰነም፤ የሚያውቅ ካለ እስከ ዓርብ ያሳውቀኝ።